በማለዳ የመጣ እንግዳ

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከብት ሳይወጣ፣ ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ይመጣሉ። የመጨረሻው ልጄ ባለፈው ጦርነት ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ማለዳን የምጠብቀው እንደ ጠላት ነው። የእድራችን ዳኛ "ተዝካሩን እናውጣለት፣ አንቺም ይውጣልሽ" ሲለኝ ከርሟል። እኔ ግን መርዶ ሳይደርሰኝ አላለቅስም ብያለሁ። በሕይወት ካለ በቁሙ መቅበር ግፍ ነው።

ቤቴ ጋፋት ነው፣ ወንዙ ዳር። ድሮ ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ከጓሮዬ በታች ስለሆነ፣ ሊያየው የሚመጣ ሁሉ በድንጋይ ካቤ አጠገብ ያልፋል። አንድ ጊዜ ጎብኚዎች ካቡን ንደው ድንጋዩን ለማስታወሻ ሊወስዱ ሲሉ በዱላ መለስኳቸው።

"እማማ፣ ድንጋይ እኮ ነው" አለኝ አስጎብኚው።

"ድንጋይ ከሆነ ከራስህ ቤት ውሰድላቸው።"

ከዚያ ወዲህ ያለ አማላጅ በደጄ የሚያልፍ የለም።

ያን ዕለት ጉም ነበር። በሩን ስከፍት ሦስት ሰዎች በቀጭኑ መንገድ ተከታትለው ይመጣሉ። ፊተኛው የእድሩ ዳኛ ነው፤ በአረማመዱ ለየሁት። ሁለተኛውን አላወቅሁትም። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፣ ጀርባው ጎብጧል። ሽማግሌ ካህን መሰለኝ። ካህን ጨምረው መጡ አልኩ በልቤ።

አንድም ቃል ሳይናገሩ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጮህኩ። "ልጄን! ልጄን!" እያልኩ ደረቴን መታሁ። ዳኛው እጁን እያወናጨፈ ወደ እኔ ሲሮጥ ጭራሽ ባሰብኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼም ጩኸቴን ሰምተው እያለቀሱ ተሻገሩ።

"አንቺ ሴት፣ ኧረ ስሚኝ! እንግዳ ነው! እንግዳ ነው ያመጣሁት!"

"ማን ነው የሞተው?" አለች ጎረቤቴ እየተንሰቀሰቀች።

"ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ቁርሴን ጥዬ ለማን ነው የማለቅሰው?"

ጋቢው ሲገለጥ ቀይ ፂም ያለው ፈረንጅ ወጣ። ጉብጠቱ በጀርባው ያዘለው ትልቅ ቦርሳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ የድንጋዩ አስጎብኚ። ነገሩ ኋላ ገባኝ። ፈረንጁ ዳኛው ቤት አድሮ፣ ብርዱ ስለጠናበት ጋቢ አልብሰውት፣ ወደ ገሳይ የሚሄደው መኪና ሳያመልጠው ቦታውን ይይ ብለው ነው ያመጡት። ዳኛው እኔን ሊያባብል ነው የመጣው።

ፈረንጁ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። አንዱ ጎረቤቴ ሊሰድበው አፉን ሲከፍት፣ "ተው! እሱ ምን ያውቃል?" አልኩት። ወደ ዳኛው ዞርኩ።

"አንተ ግን ታውቃለህ። በማለዳ ስንት ቤት ያንኳኳህ ሰው ነህ። ሁለት ሰው አስከትለህ የእኔን በር በዚህ ሰዓት ትረግጣለህ?"

አንገቱን ደፋ። "እንግዳው ሳያይ እንዳይቀር ብዬ ነው።"

"እንግዳውማ ያያል። ጥፋቱ ያንተ እንጂ የእሱ አይደለም።"

ዱላዬን ይዤ ፈረንጁን ራሴ ወንዙ ድረስ አወረድኩት። አስጎብኚው እንደ ልማዱ እጁን እያወዛወዘ ይናገራል። ቋንቋውን ባላውቅም ወሬውን አውቀዋለሁ፤ ከባሕር ማዶ የመጡት ባለሙያዎች ብረት አቅልጠው መድፉን እንዴት እንደሠሩት ነው።

"ከሰሉን ያከሰለው፣ መንገዱን የጠረገው፣ ያን ሁሉ ብረት በየተራራው የጎተተው ማን እንደሆነም ንገረው" አልኩት።

ነገረው። ፈረንጁ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምን አለ?"

"የጎተቱት ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል ወይ ይላል።"

"ምን መለስክለት?"

"እኔ እንጃ፣ እማማ። አልተጻፈም።"

ስለ መድፉ ስንቱ ጠይቆኛል። ስለ ሰዎቹ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እነዚያም እናት ነበራቸው፤ እናቶቻቸውም መንገድ መንገዱን እያዩ አርጅተዋል። ይህን ለፈረንጁ አላልኩትም። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳኝ፣ ጋቢውን አጥፎ ለዳኛው መለሰና ሄደ። ጎረቤቶቼም ወደየሥራቸው ተበተኑ።

ቤት ገብቼ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። የወገቤን ነጠላ ገና አልፈታሁም። ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ያን ጊዜ፣ ልጄ ሞተ ባልኩባት በዚያች ቅጽበት፣ ከትከሻዬ አንድ ሸክም ወርዶ ነበር። ለቀስተኛውን የት እንደማስቀምጥ እንኳ አስቤያለሁ። "እንግዳ ነው" ሲለኝ ሸክሙን እንደገና አነሳሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ልጄን በደልኩት።

በማግስቱ ዳኛው ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሩቅ እየሳለ።

"ከእንግዲህ እንግዳ ከሆነ ረፋድ ላይ ነው የምታመጣው። በማለዳ የምትመጣው ለዚያ ነገር ብቻ ነው" አልኩት።

"እሺ" አለ።

ቃሉን ጠብቋል። እኔም ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ፣ ቀጭኑን መንገድ አያለሁ። ፀሐይዋ ካቡ ላይ ስትወጣ ዛሬም አልመጡም እላለሁ፣ ዶሮዎቹንም እለቃለሁ።