ካሜራዋን የማትከፍተው ተማሪ
በኢንተርኔት በሚያስተምር ትምህርት ቤት ወደኋላ የቀሩ ልጆችን የምታግዘው መምህርት አንዷን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጠረጠረቻት። በክፍልፋይ ስትወድቅ የከረመች ልጅ በአንድ ወር ፈተናውን ሁሉ መድፈን ጀመረች። ካሜራዋ ሁሌም ዝግ ነው፤ መልስ ከመስጠቷ በፊትም የሴት ሹክሹክታ ይሰማል።

አንድ ቀን መምህርቷ አላስቻላትም። «እስቲ ካሜራሽን ክፈቺው፤ አጠገብሽ ያለው ሰውም ይውጣልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ካሜራውን ስትከፍት አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ ደብተር እንደታቀፈች ወጣች። ልጅቷ መምህርቷ የሰጠቻትን አዲስ ጥያቄ ብቻዋን ሠርታ በትክክል መለሰች።

«ታዲያ ሹክሹክታው ምንድን ነው?»

«እማዬ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ያልገባትን ትጠይቀኛለች፣ አስረዳታለሁ።»

መምህርቷ አፈረች፤ ጥርጣሬዋ ግን አልለቀቃትም። እናትየዋን አስጠርታ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይራ ሰጠቻት። እናትየዋ በእርሳስ ስትሞነጫጭር ቆየችና ፈራ ተባ እያለች «ሦስት አራተኛ» አለች።

ልክ ነበረች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መምህርቷ ለዚያ ቤት ሁለት የመልመጃ ወረቀት ትልክ ጀመር።