የፊት ለፊቱ ብሎክ ደረቅ ደጅ

ዛሬ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ በወረደው ዝናብ ነጠላ ጫማዬን ሳሎኔ ውስጥ ሲንሳፈፍ አገኘሁት።

ከፊት ለፊታችን ያለው የኮንዶሚኒየም ብሎክ ደጅ ላይ ግን አንድ ኩሬ እንኳን የለም። አንጀቴ አረረ!

አምና ጭቃ ሰልችቶን ግቢያችንን በሙሉ ሲሚንቶ አስለበስነው። (ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ጎረቤቶቼ እንዳይሰሙ።) የፊት ለፊቶቹ ግን ቦይ ቆፍረው፣ ውኃው ወደ መሬት እንዲሰርግ ድንጋይና ሣር ሲሞሉበት፣ የጣሪያቸውን ውኃ ወደ ሮቶ ሲያወርዱ፣ "ግቢውን ገጠር አደረጉት" ብለን ሳቅንባቸው።

ጎርፉ ሳሎኔ ውስጥ ትቶት የሄደውን ጭቃ ላጥብ ቧንቧ ብከፍት ደግሞ ውኃ የለም።

ቅናቴን ውጬ፣ ጄሪካኔን ይዤ ተሻገርኩ። እዚያ ግራውንድ ላይ የምትኖረው አስቴር በዊልቸሯ ደጅ ወጥታ ሮቶውን ከፈተችልኝ።

"ቅጂ የኔ እህት፣ እናንተም ቤት የገባው ይኸው ዝናብ ነው" አለችኝ።

ይሄኔ በደግነቷም ቀናሁ።

እስኪ እናንተስ፣ በጎረቤት እንዲህ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ?