በማን ክንድ?

ባሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። እኔ ደግሞ እሱ የያዘውን ሐይቁ ዳር ጠብሼ ለመንገደኛ እሸጣለሁ። የያዘውን ነው ያልኩት፤ ያመለጠውን ብሸጥ ኖሮ ዛሬ ደሴ ላይ ፎቅ ነበረኝ። ቆሮሶ ዓሣ ይዞ የመጣ ቀን ዝም ብሎ ቅርጫቱን ያስቀምጣል። ባዶውን የመጣ ቀን ግን ወሬው አያድርስ ነው፤ እጁን ግራና ቀኝ ይዘረጋና «ይህን ታክላለች፣ ወላሂ!» ይላል። ያኔ ቤቱ ይጠበዋል።

በተለይ አንድ አምባዛ ነበር፤ ደንገሉ ሥር የሚኖር። ክሩን በጥሶበት፣ መንጠቆውን ይዞበት ሄዷል። ስለዚህ ዓሣ የሰማሁትን ያህል ስለ ገዛ አማቴ አልሰማሁም።

የባሌ የልብ ጓደኛ ክርስቲያን ነው። አብረው አድገው አብረው ነው የሚያጠምዱት። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ከሚኒባስ የሚወርደው ታጥፎ ነው። ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ አይበላም። አለመብላቱስ ይሁን፣ በእጁም አይነካው፤ በመንጠቆው ከገባበት ፊቱን አዙሮ በጨርቅ ይዞ ለባሌ ያቀብለዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ ተረት ከአፉ አትጠፋም።

እኔ አጭር ነኝ። ይህን አሁን የምነግራችሁ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። የባጃጅ ሹፌሮች ከኋላዬ ሲያዩኝ ተማሪ እየመሰልኳቸው «ነይ ሚጢጢ!» ይሉኛል። ዞር ስል ይደነግጣሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባሌ ለተሰበሰበው አጥማጅ ሁሉ ያንኑ አምባዛውን ያወራል። ጓደኛው «ለመሆኑ ስንት ይሆናል?» አለው።

«ሁለት ክንድ።»

«ባለፈው አንድ ተኩል ነበር።»

«ያድጋላ!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛውም ሳቁን ሲያይ ባሰበት። «ግሸን ማርያምን!» አለ፤ «ሁለት ክንድ አምባዛ ካወጣህ፣ እኔ በትከሻዬ ተሸክሜ ከተማውን አዞረዋለሁ!»

ባሌ ደሙ ፈላ። «ረመዳን ሳይገባ ሁለት ክንዱን ካላወጣሁት ሚስቴ ፍች ናት!» ብሎ ማለ።

እኔ እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ዓሣ እየገፈፍኩ ነው። አስተግፊሩላህ! ቢላውን ለምን እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም። ማስቀመጥ አልነበረብኝም።

በነጋታው የሰፈራችን ሸህ ዘንድ ሄድኩ። «በፍች መማል ነውር ነው፤ ምላሱን ይቅጣ» አሉ። «እሺ፣ አንዴ ከማለስ?» አልኳቸው። ጺማቸውን ዳበሱና «ቃል ነው እንግዲህ፤ ዓሣውን ይያዘው» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሻዩን እያቀረብኩ «እህሳ፣ ዛሬ ምን ነኝ? ፈት ነኝ ባለትዳር?» እለዋለሁ። ዓይኔን ሳያይ «አብሽሪ» ይላል። ለጎረቤቱም «ለዓሣ የተያዝኩ ሴት ነኝ» እያልኩ ሳቅሁ፣ አሳቅሁ። ሳቄ የውሸት ነበር። ፈርቻለሁ። ሰውዬው ቀባጣሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ሐይቁን እርግፍ አድርጎ ትቶ አጠገቤ ነው የከረመው። እንዲህ ያለውን ባል በአምባዛ ላጣው ነው? ስለዚህ ፊት ለፊት እያሾፍኩበት፣ በጓሮ ከዶሮ ሻጯ ጎረቤቴ አንጀት እየለመንኩ ቅርጫቱ ውስጥ እከትለት ነበር። አምባዛ የሸተተ ነገር ይወዳል።

የረመዳን ጨረቃ ትታይ ይሆናል በተባለበት ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከደንገሉ በኩል የባሌ ጩኸት መጣ። ታንኳውን ዳር አስጠግቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አንድ አምባዛ ሣሩ ላይ ዘረገፈ። ማሻአላህ! ከሐይቅ ሳይሆን ከተረት የወጣ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ መቅረጽ ያዙ። ግን ሁለት ክንድ ነው ወይ?

ሸሁ ተጠሩ። ለጓደኛው «የተጠራጠርከው አንተ ነህ፤ አንተው ለካው» አሉት።

ጓደኛው ተንበረከከና፣ ዓሣውን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ያንን ረጅም ክንዱን ከጎኑ አጋደመ። «አንድ…» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «…ተኩል።»

ረትቷል፤ ግን አልሳቀም። ያቺ ተረቱም ከአፉ አልወጣችም። ባሌ እንደረጠበ ሣሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ቆዩማ» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ሲምል በማን ክንድ ብሎ ነው የማለው?»

ሸሁ ባሌን አዩት። «የማን ክንድ እንደሆነማ አልለየም» አሉ።

«የተማለው በኔ ነው። በኔ ክንድ ይለካ!»

«ለኪ» አሉ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን የዓሣው ራስ ጋ አደረግሁ። አንድ። ጣቴ ያረፈበት ላይ ክርኔን መልሼ ዘረጋሁ። ያ ረቢ! የጣቴ ጫፍ ጅራቱን አልፎ ሣር ነካ። የጎደለው ትንሽ ነው፤ ግን ሁሉም አየው።

«ቆይ፣ ቆይ! ተኮማትሮ እኮ ነው!» አለ ጓደኛው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በባዶ እጁ፣ በሁለቱም፣ ያንን ዝልግልግ ጅራት ጨምድዶ ጎተተው። «ዓሣ የሚለካው እንዲህ ቀጥ ተደርጎ ነው። ሁለት ክንድ ሞልቷል!»

ሁላችንም ሸሁን አየናቸው። ሸሁ ጎንበስ ብለው አዩና «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔ ከዚህ በላይ አያጣራም። ሁለት ነው» አሉ። በዚያው ዓይናቸው ጨረቃ ሊያዩ ሄዱ።

ጓደኛው ቃሉን አላጠፈም። አምባዛውን በትከሻው ተሸክሞ ከሐይቁ እስከ መናኸሪያው ዞረ፤ ሚኒባስና ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ አጀበው። ሚስቱ ጋቢው አሁንም ይሸታል ትላለች። ባሳቀችኝ ቁጥር እንዴት አድርጌ እንደማመሰግነው አጣለሁ።

ባሌ ከዚያ ወዲህ በኔ አይምልም። ወሬውንስ የት ይተወዋል! ባለፈው ሰሞን ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ገባ።

«ዛሬ ዋናውን አየሁት» አለ። «ያኛው ልጁ ነበር።»

«ስንት ይሆናል?» አልኩት።

እንደ ወትሮው እጁን ሊዘረጋ ሲል ተወው። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ ዘይትና ዱቄት የነካውን ክንዴን አንስቶ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ አየው።

«በዚህ» አለ፣ «ሦስት።»

«ውሸታም!» አልኩት። እጄን ግን አልነጠቅሁትም።