ፓስተሩ የበሉት ስብከት

ባለፈው ሳምንት ጉደር ላይ ምሳ ስበላ አስተናጋጇ ሰላጣው ላይ አቸቶ አፈሰሰችበት። ሽታው አፍንጫዬን ሲወጋኝ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ልጅቷ በእሷ የሳቅኩ መስሏት ፊቷን አጠቆረች። ምን ብዬ ላስረዳት? አቸቶ በሸተተኝ ቁጥር አንድ የበሬ አንጎል፣ አንድ ፓስተርና አባዬ ይመጡብኛል። ለአንተ ግን ላጫውትህ።

ያኔ አምቦ ነበርን። እኔ አስረኛ ክፍል፣ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። አባዬ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችን ያስተምራል። ሁለቱን ሥራ ለያይቶ አያውቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ልብ ሲያስረዳ "ይህን የሠራ እጅ ይባረክ" ይላል፤ ጸሎት ላይ ሲቆም ደግሞ ስለ ሳንባችንና ስለ ኩላሊታችን በዝርዝር ያመሰግናል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው ከሸነን የመጣችው የአባዬ ታላቅ እህት ነበረች። እኛ አዳዳ እንላታለን፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

ወንድሜ ከግቢ አዲስ ነገር ተምሮ በመጣ ቁጥር እራት ላይ ከአባዬ ጋር ይከራከራሉ። ክርክሩ ቤታችንን ያሞቀው ነበር።

"አባዬ፣ ጸሎትህ እኮ አንጎልህ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው" አለው አንድ ቀን።

"ይሁን። ማን ቀጠለው?"

"ማንም። በራሱ ነው።"

"በዚህ ከተማ ማንም ሳይቀጥለው የበራ አምፖል አሳየኝና ሃይማኖቴን እቀይራለሁ።"

አዳዳ ከት ብላ ሳቀች፤ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የምንበላው። ወንድሜ ግን መሸነፍ አይወድም። "እማዬን መናፈቅህም ኬሚካል ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም" አለ።

አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። እጁን ታጠበና ወደ ጓዳ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል "ደህና ዋልክ" እና "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ቀረ። እኔ ጨው አቀብሉኝ ስል እንኳ ድምፄ የሚያስተጋባ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ በቃል ያልሆነለትን መልስ በዕቃ ሊመልስ ቆረጠ። በሚቀጥለው እሁድ ስለ አንጎልና ስለ ፈጣሪው ሊያስተምር፣ እውነተኛ አንጎልም መድረክ ላይ ሊያሳይ። ወንድሜ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቶ ነበር። ይህን ስነግረው ግን "እውነተኛ ከሆነማ እመጣለሁ" አለ። አባዬ የሚፈልገውም ሌላ ሰሚ አልነበረም።

ሐሙስ የበሬ አንጎል ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሥጋ ቤት ሄድኩ።

"ለመድኃኒት ነው፣ መምህር?" አለ ባለሥጋ ቤቱ ሐዘኔታ ባለበት ድምፅ።

"ለስብከት ነው።"

ሰውየው ቢላዋውን እንደያዘ ማዕተቡን ነካ ነካ አደረገ። "እናንተ ደግሞ ምን ጀመራችሁ?"

አንጎሉን እንዳይበላሽ በትልቅ የማር ብልቃጥ በአቸቶ ነክረን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። አዳዳ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ሸነን ለቅሶ ደርሳ የተመለሰችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባዬ ትምህርት ቤት ፈተና ሊያርም ሄዷል፣ እኔም ገበያ ነበርኩ። ፓስተሩ ሳይታሰቡ ከተፍ አሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ለእንግዳ የሚሆን ነገር የለም፣ ከዚያች ብልቃጥ በቀር።

ከአባዬ ጋር በር ላይ ተገናኝተን ስንገባ የሽንኩርትና የቅቤ መዓዛ ተቀበለን። ፓስተሩ ድስቱን በእንጀራ እየጠረጉ ነበር።

"መምህር፣ እህትዎ እጅ የላትም አይባልም! ሎሚ ነካ ያደረገችው ነው መሰል፣ ምላስ ላይ ይሟሟል" አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "የመጣሁት እንኳ ስለዚያ አንጎል ነው። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸዋል። ለመድረክ አይሆንም ብለዋል፤ ቢቀርስ?"

አባዬ ድስቱን አየ፣ እሳቸውን አየ። "ቀርቷል፣ ፓስተር" አለ በዝግታ።

እኔ ሳቄ አፍኖኝ ወደ ውጭ ሮጥኩ። በመስኮት አዳዳ "ያ ዋቃ! ታዲያ በአቸቶ ያሳደረ ሰው ለመብል አይደለም እንዴ?" ስትል ሰማኋት። ፓስተሩ የበሉትን ያወቁት ያኔ ይሁን በኋላ እንጃ፤ ሻይ ሳይጠጡ ግን ሄዱ።

እሁድ ወንድሜ መጣ፤ መጨረሻው ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አባዬ ባዶ እጁን መድረክ ላይ ቆመ። "እትዬ፣ እስቲ ተነሺ" አላት አዳዳን። "የልጆቼ እናት ልጇን ከኳስ ሜዳ የምትጠራው እንዴት ነበር?"

አዳዳ ግራ ገብቷት ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ሽቅብ ወርውራ የወንድሜን ስም ጠራች፤ መጨረሻውን ፊደል እየጎተተች፣ ልክ እማዬ እራት ሲቀዘቅዝ ትቆጣው እንደነበረው። "ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ!" ብላም ጨመረችበት። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩና ዞር ስል፣ ወንድሜ ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ዓይኑ ሞልቷል።

አባዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። "ይህ ድምፅ በቤታችን ከተሰማ ብዙ ጊዜው ነው፤ ግን አልጠፋም" አለ። "አንጎላችን ውስጥ ኬሚካል ሆኖ ይቀመጥ ወይም ኤሌክትሪክ፣ እሱን ልጄ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የሞተችብኝን ሴት ድምፅ የማኖርበት ቦታ አስቀድሞ ያዘጋጀልኝ አለ፤ ሳልለምነው።" ይህን ብሎ ወርዶ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር። ወንድሜ የአባዬን መጽሐፍ ቅዱስ ተቀብሎ በብብቱ ያዘ።

"ያ ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አባዬ።"

"ማስረጃውንማ ፓስተሩ በልተውታል።"

ወንድሜ ጭቃው መሃል ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቤት እስክንደርስ እየተጯጯሁ ተከራከሩ፤ አዳዳም "ሰው ይሰማችኋል" እያለች ከኋላ ደስ ብሏት ትከተላቸዋለች።

አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ወንድሜ አሁን ጅማ ያስተምራል። ይመን አይመን ጠይቄው አላውቅም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ይደውላል። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ አባዬ የሚለውን አንድ ነገር በይኝ፤ ልከራከርሽ" ይለኛል።

እሞክራለሁ፤ አልችልበትም። "ኧረ እሱ እንዲህ አይልም ነበር!" ይልና ይቆጣል። ከዚያ አባዬ ይል የነበረውን ራሱ ይጀምርልኛል፤ አንዱን ነጥብ በሌላው እየደገፈ፣ እየጋለ፣ የራሱን ክርክር ፈጽሞ እስኪረሳ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤ ዝም እላለሁ፤ እንዳያቆም።