አግድሙንም እንጠይቀው ይሉ የነበሩት ጋሽ ኤርሚያስ

ጠዋት ስልኬን ስከፍት "ጋሽ ኤርሚያስ አረፉ" ይላል። ውሸት ነው ብዬ ዘጋሁት። ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ ገና ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች። እውነት ነው ለካ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ኤርሚያስ መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላኩ ድንጋዩን የሚለኩ ባለሙያ ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ ሞርሲቶ አጠገብ ላለው መንደራችን የውሃ ጉድጓድ ቦታ ሊመርጡ መጡ። እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ሀዲይኛውን እንዳስተረጉምላቸው ተመደብኩ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ከገደል ሥር ውሃ በጀርባዬ የማመላልስበት ጊዜ ነው። መቆፈሪያው መኪና የሚመጣው አንዴ ብቻ ነው ተብሏል። ደረቅ ከወጣ፣ በቃ፣ ገደሉን መልመድ ነው።

በመንገዱ ዳር ብረቶች መሬት ላይ እየተከሉ ለኩ፤ ጥሩ ይመስላል ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደስ አለው። "እዚሁ ይቆፈር ጓድ! እንግዳ ሲመጣም ይታያል።"

ጋሽ ኤርሚያስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አግድሙንም እንጠይቀው እንጂ።" ኤሌክትሪክ የድንጋዩን ንብርብር ተከትሎ ሲሄድ ይቀለዋል፣ አቋርጦ ሲሄድ ይከብደዋል፤ በአንድ በኩል ብቻ ለክቶ የሚፈርድ ይሳሳታል አሉን።

አግድሙ ደግሞ የአማቴ የእንሰት ጓሮ! አማቴ በሩ ላይ ቆሙ። የታመመ እንሰት የነካ ብረት በሽታውን ይዞ እንደሚገባ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። "ይሄ ብረት የስንቱን ጓሮ ሲወጋ እንደመጣ በምን አውቃለሁ? አይገባም በያቸው" አሉኝ። ሊቀመንበሩ በግድ ይገባል ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ፤ የማንን ልተርጉም?

ጋሽ ኤርሚያስ ብረቶቹን ሰብስበው ወደ አማቴ ጎጆ ገቡና፣ በሽታው በእሳት እንዲሞት፣ አማቴ እያዩ አንድ በአንድ ምድጃው ላይ አጋሏቸው። ሲጨርሱ አማቴ ከበሩ ዞር አሉ። "ይሄንንስ እናት ነው ያሳደገችው።"

አግድሙ ሌላ ነገር ተናገረ። ጉድጓዱም ከመንገዱ ርቆ፣ ከጓሮው ጀርባ ተቆፈረ። ውሃው ሲወጣ ከሁላችን በላይ የጨፈረው ሊቀመንበሩ ነው። ልጄ ስትወለድ የታጠበችው በዚያ ውሃ ነው፤ ያን ገደል አታውቀውም።

ኋላ ጋሼ መርከብ ላይ ሆነው የባህር ወለል ድንጋይ ሲለኩ ኖሩ። እየደወሉ "እዚህም ያው ነው እህቴ፣ አግድሙን ካልጠየቁት ይሸውዳል፤ ያጣነው ያማትሽን ምድጃ ብቻ ነው" ይሉና ይስቁ ነበር።

ደህና ይሂዱ ጋሽዬ። እኔን በቁመትም ይጠይቁኝ በአግድም፣ መልሴ አንድ ነው፤ አመሰግናለሁ።