ድምፅ የሌለው ንባብ

ልጅ ሳለሁ፣ አመሻሹ ላይ የጉና ተራራ ብርድ ደብረ ታቦር ላይ ሲወርድ፣ አያቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ተረት ያወሩልኝ ነበር። ያኔ የቤታችን አዛዥ እሳቸው ነበሩ፤ ሂጂ ካሉ ይኬዳል፣ ቅሪ ካሉ ይቀራል።

ከትምህርት ቤት ስወጣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እስኪዘጋ ድረስ እቆይ ነበር። አያቴ ነገሩ አላማራቸውም። አንድ ቀን ጋቢያቸውን ደርበው ድንገት መጡና በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ሁላችንም አቀርቅረናል፤ ገጽ ሲገለጥ ካልሆነ ኮሽታ የለም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱ።

ማታ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ከነገ ጀምሮ እዚያ ቤት አትሄጅም» አሉኝ።

«ምነው አባባ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ቤት ሙሉ ልጅ ተኮልኩሎ አንድም የሚያነብ የለም! አፋችሁን ዘግታችሁ መጽሐፍ ላይ ታፈጣላችሁ!»

ለካ አያቴ ንባብ የሚያውቁት በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ነው። እዚያ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ አላነበበም፤ አለንጋ ይቀምሳል እንጂ። በዝምታም ይነበባል ብላቸው እንደማያምኑኝ ገባኝና እንባዬ መጣ። በቤታችን ከእሳቸው ዳዊትና ከትምህርት ቤት ደብተሬ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። የተዋስኩትን የተረት መጽሐፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ ፋኖሱ ተጠጋሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ተረቱ እሳቸው ስንት ጊዜ የነገሩኝ የጅቡና የአህያዋ ነበር። አያቴ እሳቱን መቆስቆስ ተዉ። መጨረሻው ላይ ጅቡና አህያዋ ሲታረቁ ግን አላስቻላቸውም።

«ኧረ ወዲያ! ጅብና አህያ ተስማምተው ሲያድሩ የት ታይቷል? ይሄ ጸሐፊ ከማን ሰምቶ ነው?»

እሳቱን መልሰው ቆሰቆሱና «በይ ነገ ሂጅና መልሽው» አሉ። «ሌላም አምጭ፤ እሱንም ልስማው።»

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ አንባቢዋ እኔ፣ አራሚው እሳቸው ሆንን። ያኔ ተረታቸውን የቀማኋቸው እየመሰለኝ ያሳዝኑኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን በየመጽሐፉ የሚከራከሩት ሰው ነበር ያመጣሁላቸው።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ አጠገቤ ያለው ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። አላፍርም። አፌን ዘግቼ ካነበብኩ አያቴ የማይሰሙኝ ይመስለኛል።