የቸኮለ ልጣፊ

ቡሬ ከመናኸሪያው ጀርባ ብየዳ ቤት ያለው ቸኮለ ስሙን የማይመስል ሰው ነው። አንዲት የበር ማጠፊያ ለመበየድ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ደንበኛ ቢነጫነጭበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ቸኩሏል፤ መዘዙ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀውም።

ነገሩ የበቆሎ መፈልፈያ ነው። ስንት ዓመት ሲሠራ ሲያፈርስ ቆይቶ፣ ፍሬውን ሳይሰብር የሚፈለፍል አንድ መፈልፈያ አወጣ። የተሰበረ በቆሎ ነቀዝ ይፈጥንበታል፣ ለዘርም አይሆንም፤ ስለዚህ አገሬው ወደደለት፣ ስሙም ከቡሬ አልፎ ተሰማ። አንድ ቀን ታዲያ የፍሬው መውጫ ተሰነጠቀበት። ገበሬው በር ላይ ተሰልፏል። ከዘይት ቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ቆርጦ ከውስጥ በኩል በአራት ቡሎን ለጠፈና ነገ በደንብ እበይደዋለሁ ብሎ ተወው።

የአዲስ አበባው የእርሻ መሣሪያ ድርጅት ሰዎች የመጡት በዚያው ሳምንት ነበር። መሪያቸው ኢንጂነር ሀይማኖት ትሑት ወጣት ናት። ድርጅታቸው ፈጠራን በራሱ ቢሮ ብቻ እንደማይወስን፣ ከገበሬውና ከባለሙያው የውጭ ዕውቀት እንደሚሰበስብ አስረዳችው። ቸኮለ የውጭ ሲባል የፈረንጅ መስሎት ነበር። ለካ ውጭው እሱ ኖሯል! በገዛ ቤቱ ቆሞ ውጭ መባሉ ቢከነክነውም፣ ሥራው ለብዙ ሰው ሊደርስ ነውና ደስ አለው። መፈልፈያውን በየጎኑ ፎቶ አነሱ፣ ለኩ፣ አስፈርመውት ሄዱ። ይሄ ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀው ግን አንድም አልነበረም።

ከዓመት በኋላ ሀይማኖት የአዲሱን መፈልፈያ ፎቶ በስልክ ላከችለት። አየና ደሙ ፈላ። ያቺ የዘይት ቆርቆሮ ወፍራም ብረት ሆና፣ በአራት ቡሎን ታስራ፣ ቀለም ተቀብታ መውጫው ውስጥ ተቀምጣለች። የብረቱ ጠርዝ ፍሬውን እንደሚሰብረው ለማወቅ መፈልፈል አያስፈልግም። ወደ ድርጅቱ ደወለ፤ አስተያየትዎ ተመዝግቧል አሉት። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ተመዝግቧል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ። ሚስቱ ታንጉት ሰምታ፣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች።

አርባ መፈልፈያ ለገበሬዎች ሊታደል ፍኖተ ሰላም ላይ አዳራሽ እንደተያዘ ሲሰማ፣ ከዕደላው በፊት ልድረስ ብሎ በጠዋት ተሳፈረ። የበሩ ጥበቃ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ አጣው። ቸኮለ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ መፈልፈያውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ቢል አልሆነም። በድምፅ ማጉያው አንድ ሰው የውጭ ዕውቀትን ሲያመሰግን፣ የውጭ ዕውቀት ራሱ አጥር ተደግፎ ውጭ ቆሞ ሰማ። ሀይማኖት ስትወጣ ሮጦ ያዛትና ነገራት። አርባዎቹ ተሠርተው አልቀዋል፤ ሐሳብዎን ለሚቀጥለው ሞዴል አስተላልፋለሁ አለችው።

በመኸሩ አቶ እንዳለው የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ብየዳ ቤቱ ድረስ መጥተው እፍኝ ሙሉ ስብርባሪ በቆሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ።

«ያንተ ሥራ ነው ስንባል አምነን ነበር» አሉት።

ቸኮለ አፈረ። በማግስቱ መፍቻውን ይዞ የእሳቸውን መፈልፈያ ብረት ፈታ፤ ፍሬው ደህና ወጣ። ሌላውም ሰምቶ ጠራው። ስንቱን ቀበሌ በእግሩና በባጃጅ ዞሮ የአርባውንም ፈታ፤ የፈታቸውን ቡሎኖች በጣሳ አጠራቀመ።

ዘንድሮ ሀይማኖት አዲስ ሞዴል በፒክአፕ ጭና መጣች። ፊቷ በርቷል።

«ጋሽ ቸኮለ፣ ገበሬዎቹ ጋ ሄደን እርስዎ ያሻሻሉትን አየን። ብረቱን አውጥተነዋል።»

ደስ ብሎት ጎንበስ አለና መውጫውን አየ። ብረቱ የለም። በቦታው ግን አራት ቀዳዳዎች በወግ ተበስተው፣ ጠርዛቸው ተሞርዶ ተቀምጠዋል።

«እነዚህስ?» አላት።

«እርስዎ ያሻሻሏቸው ሁሉ ላይ አሉ እኮ። ለአየር ማስገቢያ መስለውን።»

ቸኮለ አልተቆጣም፤ የሚቆጣበት አቅም አልቆበታል። ወደ ውስጥ ገብቶ ጣሳውን አመጣና አራት ቡሎን ቆጥሮ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«የቀዳዳዎቹ ባለቤቶች እነዚህ ናቸው፣ ልጄ» አላት።

ሀይማኖት ለምን ብላ ሳትጠይቅ ቡሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድራ ፎቶ አነሳቻቸው።